ከመኪናው ከወረደ በኋላ፦ የአንድ ስፖርት መኪና ክፍሎች ሽያጭ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በምሠራበት ጋራዥ ሰዎች የሚመጡት መኪና እንድጠግንላቸው ነው፤ ፈታትቼ እንድሸጥላቸው የሚጠይቀኝ እምብዛም የለም። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ የማውቀው ወጣት ደውሎ «ጋሼ፣ መኪናዬን እየፈታሁ መሸጥ ጀምሬ ነበር፤ መሐል ላይ ተበላሸብኝ። መጥተው ቢያዩልኝ» አለኝ። የሁለት ወር ተኩል ሥራ ሆነ። ከዚያ ሥራ የወጣው ትምህርት ሌላውም ሰው ቢያውቀው ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ ወጣቱን «ባለመኪናው» እለዋለሁ።

ዳራ

መኪናው የ1999 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ነው፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚታጠፍ። ባለመኪናው የገዛው ከእርሱ በፊት ሁለት ሰዎች ለውድድር ሜዳ ካዘጋጁት በኋላ ነበር። ፋብሪካው ያስገባለት ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ወጥቶ በባለ ስድስት ተተክቷል። የኋላው ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው፣ «ቶርሰን» ነው ተብሎለታል፤ ማለትም አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን መሬት ለያዘው ጎማ የሚያካፍል ዓይነት። ሾክ አብዞርበሮቹ ቁመታቸው በዳዶ የሚስተካከል፣ ሞላቸው ጠንካራ ናቸው። ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ክብ ብረት፣ ክብደቱ ቀላል ነው። መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የሚይዙት የፊትና የኋላ ማረጋጊያ ዘንጎቹም ወፍራም ናቸው። ባለመኪናው በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ እየወሰደ ይነዳው ነበር።

መኪናውን የገደለው ዝገት ነው። የሚያታ ጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውኃው ከበር ሥር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ሲያብጥ የምታየው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለአዲስ ባለቤት ሲዞር የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። በዚያ ዝገት ይህ መኪና የሚያልፍ አልነበረም፤ ብየዳው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ በላይ ተጠየቀበት። ፈታትቶ መሸጥ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በዚህ ላይ አልወቅሰውም።

ችግሩ

የተከራየበት ቤት ባለቤት መኪና ማቆሚያውን በወሩ መጨረሻ እንዲያስለቅቅ ነገሩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ።

መጀመሪያ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ሾኮቹንና ማረጋጊያ ዘንጎቹን ሁሉ አንድ ላይ በ4,500 ዶላር አቀረበ። ዋጋውን ያወጣው ደረሰኞቹን ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቁም ነገረኛ ገዢ አልመጣም። የመኪናው ባለቤት ያወጣው ወጪ ለገዢው ታሪክ ነው፤ ገዢ የሚያወዳድረው በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ከሚሸጠው ጋር ነው። ደግሞም የካምቢዮ ፈላጊና የሾክ ፈላጊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚፈልግ ሰው ቢኖር ሙሉ መኪና ይገዛ ነበር።

ሲጨንቀው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ፤ የጠየቀውን ሁሉ መስጠት ጀመረ። አንድ እሑድ ሞተሩን የሚፈልግ ሰው ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጣ። ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ወጡ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሄደ፣ ካምቢዮው ሲሚንቶ ላይ ቀረ። ማክሰኞ ማታ ደግሞ የአንዱ የጎማ ዘንግ ላስቲክ የተቀደደበት ሌላ ሰው ከዲፈረንሻሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄዱትን ሁለቱን ዘንጎች በ100 ዶላር ወሰደ። ባለመኪናው የደወለልኝ ረቡዕ ጠዋት ነበር።

ስደርስ የነበረው ሁኔታ ይህ ነው፦ ማርሽ ሲገባ ማንም ሊያየው የማይችል ካምቢዮ፣ ሊዞር የማይችል ዲፈረንሻልና በብሬክ ማጽጃ ተጠርገው የተንቆጠቆጡ አራት ሾኮች።

የጎማ ዘንጎቹ ነገር

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ያስተማረኝ ይኸው ነውና።

ከ1990 እስከ 1993 በአሜሪካ የተሸጡት ሚያታዎች ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናቸው፤ የኋላ ዲፈረንሻላቸውም ትልቁ ጥርስ ወደ 6 ኢንች የሚጠጋ፣ አነስ ያለ ነው። ከ1994 ጀምሮ 1.8 ሞተር ሲመጣ ጥርሱ ወደ 7 ኢንች አደገ። የአሮጌዎቹ ባለቤቶች «ተርቦ» የሚባለውን የሞተር ጉልበት ማሳደጊያ ሲጨምሩ ወይም ሜዳ ላይ አጥብቀው ሲነዱ ትንሹ ዲፈረንሻል ይሰበርባቸዋል። ስለዚህ ትልቁን፣ በተለይ ቶርሰን የሆነውን፣ አጥብቀው ይፈልጉታል። ጥሩ ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።

ነገር ግን ትልቁ ዲፈረንሻል ብቻውን ለእነርሱ አይሆንም። ሁለቱ የጎማ ዘንጎችና ከካምቢዮ የሚመጣው የካርዳን ዘንግም ከ1.8 መኪና መምጣት አለባቸው፤ መጋጠሚያዎቹ የተለያዩ ናቸው። ባለመኪናው ዘንጎቹን በ100 ዶላር ሲሸጥ ዲፈረንሻሉን ከፍ ባለ ዋጋ ከሚገዙት ሰዎች ነጥሎታል። የቀረው ገዢ የራሱ 1.8 መኪና ያለው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን «ቶርሰን መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቶርሰንን ከተራው ለመለየት ቀላሉ መንገድ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንስቶ፣ ማርሹን ባዶ አድርጎ አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር ነው። ሌላኛው ጎማ በዚያው አቅጣጫ ከዞረ መንሸራተት የሚቆጣጠር ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው። ይህን ለማድረግ ታዲያ ጎማውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኝ ዘንግ ያስፈልጋል። እኛ ዘንግ አልነበረንም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የሸጥነውን ለመግዛት ወጣን። ገዢው እንደማይመልስ ነገረን፤ መብቱ ነው። ደንበኛ ራሱ እየፈታ የሚገዛባቸውን የአሮጌ መኪና ግቢዎች ዞረን በሦስተኛው አንድ የ2001 ሚያታ አገኘን። ሁለቱን ዘንጎች በ120 ዶላር ገዛን። አንድ ቅዳሜና ሁለት የተላጡ ጣቶች በሒሳቡ ውስጥ አልገቡም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ዘንጎቹን መልሰን ገጠምን። ካምቢዮው ስለወረደ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዘው ረጅም የአሉሚኒየም ተሸካሚም ተፈቷል፤ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ በክሪክ ደገፍን፣ የካርዳን ዘንጉን ፊት በሽቦ አንጠለጠልን። የካርዳኑ ፊት ነጻ ስለሆነ ማርሹ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል።

ስልኩን መቆሚያ ላይ አድርገን፣ የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፈን አሳየን፤ ሳናቋርጥ የአንድ ደቂቃ ያህል ቀረጽን። ግራውን ጎማ አዞርኩ፤ ቀኙ አብሮ በዚያው አቅጣጫ ዞረ። ባለመኪናው ትንፋሹን ሲለቅ በቀረጻው ላይ ይሰማል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርሱም የሚያውቀው በወሬ ነበር።

ቀጥሎ የጥርሱን ምጣኔ ቆጠርን። በጎማው ላይ በጠመኔ፣ በካርዳን ዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግን። ሁለቱ ጎማዎች አብረው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞሩ ካርዳኑ አራት ዙርና ሲሶ ገደማ ዞረ። ያ 4.30 ነው። 4.10 ቢሆን ከአራት ዙር በጥቂት ብቻ ያልፍ ነበር፤ ፋብሪካው ከባለ ስድስት ማርሽ ጋር የሚያስገባው 3.909 ደግሞ አራት አይሞላም። ክዳን ሳይከፈት፣ ዘይት ሳይፈስ፣ ገዢው ሊጠይቅ የሚችላቸው ሁለቱም ጥያቄዎች ተመለሱ።

ያን ቀረጻ ካወጣን በኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ሁለቱ የጎማ ዘንጎችና የካርዳን ዘንጉ ከነብሎኖቻቸው እንደ አንድ ዕቃ በ950 ዶላር ቀረቡ። በዘጠነኛው ቀን ከፔንሲልቬኒያ የ1991 ሚያታ ያለው ሰው በራሱ መኪና መጥቶ 900 ከፍሎ ወሰደ። ሲመጣ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብሎኖቹ ሁሉ አሉ ወይ? በተሰየመ ከረጢት ውስጥ ስናሳየው የቀረውን ሳይቆጥር ከፈለ።

ካምቢዮው

ባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ አይሲን የሚያመርተው ኤ-ዜድ-6 የሚባለው ነው፤ በማዝዳ አር-ኤክስ-8ና በኒሳን ሲልቪያ ኤስ-15 ውስጥም የዚሁ ካምቢዮ ዝርያዎች አሉ። ባለመኪናው 900 ጠየቀበት። የቀረበለት ከፍተኛው ዋጋ 250 ነበር።

መሬት ላይ ካለ ካምቢዮ ምን ማወቅ ይቻላል? መግቢያውን ዘንግ በእጅ እያዞርን እያንዳንዱን ማርሽ አስገባን፤ ሁሉም ገባ። ኩሽኔታው ሲንኮሻኮሽ አልሰማንም። ዘይቱን በንጹሕ ሳህን ላይ አፈሰስን፤ የነሐስ ብናኝ አልነበረውም፤ የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የተገኘው የተለመደው ግራጫ ቅባት ነው። ይህን ሁሉ ፎቶ አነሳን። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ካምቢዮ ገዢ ማወቅ የሚፈልገው ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር እየዞረ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር ይፈጫል ወይስ አይፈጭም የሚለውን ነው። ያንን እጅ አይናገርም። ሞተሩ ከመሸጡ በፊት ለአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ተነድቶ ቢቀረጽ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ያዳነን አጋጣሚ ነው። ባለመኪናው በነሐሴ ወር ሰሚት ፖይንት በሄደበት ቀን መሪው አጠገብ ካሜራ አስሮ ነበር፤ የሃያ ደቂቃ ቀረጻ አገኘን። የማርሹ ዘንግ፣ የእጁ እንቅስቃሴና የሞተሩ ድምፅ ሁሉም አለ። መፋጨት የለም። ቀረጻውን ካያያዝን በኋላ ዋጋው ወደ 450 ወጣና በዚያ ተሸጠ። ካምቢዮው በእርግጥ ያ ካምቢዮ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ስለሌለ ከዚያ በላይ አልሄደም። እኔም ገዢ ብሆን ከዚያ በላይ አልከፍልም ነበር።

አንድ ነገር ግን ለሚጠይቁን ሁሉ ነግረናል። ብዙ ሰው ስድስተኛ ማርሽ ሲባል በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። የዚህ ካምቢዮ ስድስተኛ ማርሽ ምጣኔ፣ ማለትም ካርዳኑ አንድ ዙር ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው፣ 0.843 ነው፤ የአሮጌው ባለ አምስት ማርሽ አምስተኛ ግን 0.814። ስለዚህ 4.30 ዲፈረንሻል ባለው መኪና ላይ ባለ ስድስቱ ይበልጥ ይጮኻል። ጥቅሙ ማርሾቹ ተቀራርበው መደርደራቸው ነው፤ ለሜዳ ጥሩ፣ ለረጅም ጉዞ አይደለም። ይህን ስንናገር ሁለት ገዢዎች ተመለሱ። ባለመኪናው በዚህ ተናዶብኛል። ሦስተኛው ግን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበርና ይህን ስነግረው ሌላውንም ነገር አመነኝ፤ የገዛውም እርሱ ነው።

ሾኮቹ

ከአራቱ ሾኮች አንዱ፣ የቀኝ ኋላው፣ ዘይት ያልባል። ባለመኪናው ጠርጎ ፎቶ አንስቶት ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ናት፤ ሲጠረግ አይታይም» አለኝ። ሁለት ቀን ጠብቀን እንየው አልኩት። በሁለተኛው ቀን ከላይኛው ማኅተም ሥር እርጥብ ቀለበት ወጣ።

የሚያፈሰውን ሾክ የመጀመሪያው ፎቶ አደረግነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ሞላ ጥንካሬ ጎኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ገልብጠን ጻፍን፤ የሚስተካከለው ዳዶ በጨው ዝገት ያልተያዘ መሆኑን ሲዞር አሳየን፤ የላይኛው መያዣ አብሮ እንደሚሰጥ ገለጽን። የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከ1999 ወዲህ ያለው የላይኛው መያዣ ለሾኩ የበለጠ መንቀሳቀሻ ስለሚተውለት የአሮጌ ሚያታ ባለቤቶችም ይፈልጉታል። ያለ መያዣ ቢሸጥ ገዢው ለብቻው ሲያፈላልግ ይከርም ነበር።

1,000 ዶላር ተጠይቆባቸው በ520 ሄዱ። የገዛቸው ሰው ሁሉንም ወደ ጠጋኝ ልኮ ማኅተም ሊያስለውጥ አስቀድሞ የወሰነ ነበር፤ ለእርሱ አንዱ ማፍሰሱ ምንም አልለወጠበትም። ጠርገን ብንሸጥለት ግን ሣጥኑን ሲከፍት ያየው ነበር፤ ገንዘቡም ይመለስ ነበር።

ክፍያና ጭነት

ለሾኮቹ ሙሉውን 1,000 ያለ ክርክር እከፍላለሁ ያለ ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር። የባንክ ቼክ እልካለሁ፣ ከዕቃው ዋጋ በላይ ይሆናል፣ ትርፉን ለሚመጣው ጫኝ ስጡልኝ አለ። ባለመኪናው ደስ አለው፤ እኔ ደስ አላለኝም። እንዲህ ያለ ቼክ ባንክ ሲገባ ገንዘቡ በጥቂት ቀናት ሒሳብ ላይ ይታያል፤ ቼኩ ሐሰት መሆኑ የሚታወቀው ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ዕዳው የአስገቢው ይሆናል። ዋጋ የማይከራከር፣ ዕቃውን በሚመለከት አንድም ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው ያገለገለ ሾክ ገዢ አይደለም።

ካምቢዮው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። የአሜሪካ ፖስታ ከ70 ፓውንድ (32 ኪሎ ገደማ) በላይ አይቀበልም፤ የግል አድራሾች ቢወስዱት እንኳ በካርቶን ከታሸገ የካምቢዮው ጥግ ካርቶኑን ይቀደዋል። ዘይቱን እስከ መጨረሻ ጠብታ አፍስሰን፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነን፣ በእንጨት መደብ ላይ በማሰሪያ ጠፍረን በጭነት ድርጅት ጣቢያ በኩል ላክነው። ለማሸጊያ 45 ዶላር ወጣ፤ የጭነቱን ገዢው ቻለ።

ውጤት

ከሞተሩ ውጭ ያለው ሒሳብ ይህ ነው። ዲፈረንሻሉ ከነዘንጎቹ 900፣ ካምቢዮው 450፣ ሾኮቹ 520፣ ቮላኖው 120፣ የኋላ ማረጋጊያ ዘንግ 60፣ መጀመሪያ የተሸጡት የጎማ ዘንጎች 100፤ ድምር 2,150 ዶላር። ለምትክ ዘንጎችና ለማሸጊያ የወጣው 165 ሲቀነስ 1,985 ቀረ። የፍሪሲዮን ሸራው አልተሸጠም፤ ያገለገለ ፍሪሲዮን የሚገዛ ሰው የለም። ቤት አከራዩዋ ሦስት ሳምንት ጨመሩለት፤ ያንን ቀድሞ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጥድፊያ አይኖርም ነበር። እኔም ሳልጠይቀው ቀርቼ ነው።

ለሌላው የሚጠቅመው

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ የምትገዛ ሰው ብረቱን ታገላብጣለህ፣ ሻጩን ታውቀዋለህ ወይም የሚያውቀውን ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፤ ካልሆነም ነገ ተመልሰህ ትጨቀጭቀዋለህ። እዚህ ገዢው ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። መታመን የሚገኘው በፎቶና በቀረጻ ብቻ ስለሆነ የመፍታቱን ቅደም ተከተል መወሰን ያለበት ይኸው ነው። መኪናው እየሄደ ሳለ የሚታየው መኪናው እየሄደ ሳለ ይቀረጻል፤ ጎማ ላይ ቆሞ የሚታየው ጎማ ላይ ሳለ። ሞተሩ የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገንዘብ የያዘ ሰው በር ላይ ቢቆምም።

ሁለተኛው፣ አንድን ዕቃ ከመነጠል በፊት ገዢው ማን እንደሆነና እቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚጎድለው ማሰብ ነው። የዲፈረንሻሉ ዋጋ በጥርሱ ውስጥ የነበረውን ያህል በሁለቱ ዘንጎችም ውስጥ ነበር። ለካሜራ፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለውኃ ፓምፕም ይህ የሚሠራ ይመስለኛል፤ ትንሿ ዕቃ ስትሄድ ትልቋ ትራቆታለች።

ጉድለትን አስቀድሞ ማሳየት ዋጋ ይቀንሳል፤ አይቀንስም የሚል ሰው አልሸጠም። በእኛ ጉዳይ የቀነሰው ግን መመለስና ጭቅጭቅ ከሚያስከፍለው ያነሰ ነበር።

የፊት ማረጋጊያ ዘንጉ አሁንም ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። በ80 ዶላር ተጀምሮ 40 ደርሷል። ሰዎች ይደውላሉ፣ «ማያያዣዎቹ አሉ?» ይላሉ፤ የሉም፣ ሞተሩ በወጣበት እሑድ የት እንደገቡ ማንም አያውቅም፤ አመስግነው ይዘጋሉ።